የመተንፈሻ ቦታ

ትሮምሶ ነው። ኅዳር። ፀሐይ ፈቃድ ወጥታ
መብራት አብርቼ ነው፣ ጧቱንም እንደ ማታ፣
ከአምስቱ መስመር ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ያልኩት፤
አንዱን ኖታ ጽፌ ሁለቱን የፋቅሁት።

ቼሎው ከሥር ይምጣ እንደ ወደብ ውኃ፣
ጥቁር፣ የማይቸኩል። ቫዮሊኖች ደግሞ
እንደ ስስ በረዶ ይጋገሩ በላዩ።
ሳክስፎኑስ? አካሉ ናስ፣ ምላሱ ሸምበቆ፤
ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማን አውቆ!
ከብረት ነው ሲሉት ከእንጨት ተመድቦ፣
እዚህ አውታር መንደር በእንግድነት ቀርቦ፣
ወንበር የሚስብለት አንድ እንኳን አጣለት።

ስለዚህ ረጅም ነገር ጻፍሁለት፤
ሁለት ገጽ ሙሉውን ሳይበጠስ የሚሄድ፣
ከተራራው ጥግ ተነስቶ ወደ ባሕር የሚወርድ፣
አንድ ዜማ፣ አንድ ክር። በኩራት አየሁት፤
«ይኸው!» አልኩ ለራሴ፣ ሻዬን ጠጣሁበት።

ኢንግቫልድ ማክሰኞ መጣ፣ ጫማው በረዶ አዝሎ፣
ሳክስፎኑን እንደ ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ።
ሃያ ስምንት ዓመት ጀልባ ሲፍቅ ኖሯል፤
የቀለሙ ብናኝ ከደረቱ ቀርቷል፤
ካንዱ ሳንባው ግማሹን ሐኪም ወስዶበታል።
(ይህን አውቅ ነበር። እንዴት ረሳሁት?)
ሁለቱን ገጽ በጣቱ እንደ ካርታ ተከትሎ
ዳር ሲደርስ ቆመ።
«ያምራል» አለኝ።
«እና የት ልተንፍስ?»

እሱ ሲሄድ ላጲስ። እስከ ሌሊት ፋቅሁኝ፤
እዚህም «አትንኪኝ»፣ እዚያም «አትንኪኝ» አለኝ
ዜማው። እሱ ጀልባ ፋቀ፣ እኔ ደግሞ ወረቀት፣
ሳስቶ ሳስቶ እስኪበሳ ድረስ፤
በቀዳዳው በኩል የጠረጴዛው እንጨት ታየኝ።

ያኔ ቫዮላዎቹ ትዝ አሉኝ፤ ምስኪኖች፣
ሁልጊዜ ከመሐል፣ ሁልጊዜ አጃቢዎች።
እሱ ሊያበቃ ሲል ያችኑ ድምፅ ይዘው
ከሥሩ ይነሱ፣ ማንም ሳያውቃቸው፤
ናሱ የት እንዳለቀ፣ አውታሩ የት እንደጀመረ
ጆሮ እስኪጠፋበት። እሱ ያኔ ይተንፍስ።

ልምምዱ በድሮው የዓሣ ፋብሪካ አዳራሽ ነበር፤
ከብርዱ የተነሣ ካፖርቱን ያወለቀ የለም።
ቦታው ሲደርስ ግን ያልጻፍሁት ነገር ሆነ፤
ቫዮላዎቹ ቀስት ሳያሳርፉ በፊት
እነዚያ ሳንባ የማይጠይቅ መሣሪያ የያዙት
ሁሉም ከኢንግቫልድ ጋር አብረው አየር ሳቡ።
ሰማሁት።

ሲያበቃ ላቡን እየጠረገ መጣ፣
ያንኑ ረቂቄን ይዞ፤
ትንሿን ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ
«ይቺ ናት?» አለኝ።
«እሷ ናት።»
«እንዳትለጥፊያት።»