ሰው አለበት?

ከወደቡ ወዲህ፣ ከዋርካው ሥር አልፎ፣
አንድ ድንጋይ አለ፣ ከውኃው ጫፍ አርፎ፤
ካርታ ባይኖረኝም፣ ግብር ባልከፍልበት፣
አሥራ ሰባት ዓመት፣ እሑድ እሑድ ጠዋት፣
ባሕር ዳር ያውቃል፣ እኔ እንዳለሁበት።

ደንብም አውጥቻለሁ፣ ብቻዬን መክሬ፣
ብቻዬን አጽድቄ፣ ብቻዬን አክብሬ፦
ልጅ ውኃ ይረጫል፤ ሴት ወሬ ታበዛለች፤
ቀረሶ ጨዋ ናት፣ ጩኸት ትሸሻለች።

አንድ እሑድ ታዲያ፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ፣
የበትር ድምፅ መጣ፣ ጠጠር ላይ ሲረግጥ።
ጥሩዬ ነች። ዐይኗ አያይም፤ እኔ ግን ድምጿን አውቀዋለሁ፤
ሆስፒታል ስደውል፣ «አንዴ ይጠብቁ» ስትል ሰምቻለሁ።
በአንድ እጇ በትሯ፣ በአንድ እጇ ክርና መንጠቆ፣
ትሏ በወተት ቆርቆሮ፣ በጭቃ ተጠብቆ።

«ሰው አለበት?» አለች።

ከጎኔ ቦርሳዬ ነበር፣ ቆዳው የተላጠ፣
እንደ ሹም ተደላድሎ፣ ቦታ የጨበጠ።
«አለበት» አልኳት።
ጥቂት ዝም አለች፣ ጆሮዋን አዘንብላ፤
«ጎረቤትዎ አይተነፍስም፣ ለሐኪም ያሳዩት» ብላ፣
ዞራ ሄደች።

ያን ቀን አንድ ዓሣ እንኳ ክሬን አልነካውም፤
ቦርሳዬን አየሁት፤ ቦርሳ አፍሮ አያውቅም።

ይማም አለ ደግሞ፣ ደንገል አጫጁ፣ ታንኳ ሠሪው፤
መንጠቆ መቋጠር በልጅነት ያስተማረኝ ሰው።
«ወይጦ ነው» ብለው፣ ከደጃችን የሚያቆሙት፣
ዓሣውን ተቀብለው፣ ጣሳውን የሚለዩበት፣
እኔም ሃምሳ ዓመት «አንተ» እያልኩ የጠራሁት፣
ሐይቁ የእጁ መዳፍ ሆኖ ሳለ፣
ከጎኔ «ተቀመጥ» ያላልኩት።

ሦስት እሑድ አለፈ። በአራተኛው፣ ከእምቦጩ ማዶ፣
ሳቅ ሰማሁ፤ እግሬ ሄደ፣ እኔን ትቶ፣ ቀድሞኝ ነጉዶ።

ከአስፋልቱ እስከ ውኃው ገመድ ተዘርግቷል፤
ከደንገል ተገምዶ፣ በየክንዱ ልክ ተቋጥሯል፤
አንዱ ቋጠሮ ደረጃ ነው፤ ሁለቱ ቋጠሮ ጭቃ፤
ሦስቱን የዳሰሰ እጅ፣ «እዚህ ጋ ይበቃ»።
የይማም ሥራ ነው። ማን እንደሆነ ቋጣሪው፣
ሳልጠይቅ አወቅሁት፤ ጣቴ አልረሳውም ቋጠሮው።

ጥሩዬ ተቀምጣለች፣ ክሩ በጣቷ ላይ ውሎ፤
«ይሄ አምባዛ ነው» ትላለች፣ ቡሹ ሳይሰጥም፣ ሳይል ዘንበል ቀለሎ።
ይግረም በዊልቸሩ፣ ከሳንቃው ላይ ቆሟል፤
ጎማው ወደ ሐይቁ፣ ሸርተት ሸርተት ይላል።
የባጃጅ ሾፌሩ ልጅ ውኃ ይረጫል፤ ማንም ዝም አላለም፤
ቀረሶ ግን መጣች፤ ደንቤን አላነበበችም።

ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ቆምኩ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ፤
«ሰው አለበት?» አልኩኝ፣ ድምፄ እየደቀቀ።

ድምፅ አትረሳም እሷ።
«አለበት» አለች፣ ክሯን ሳትለቅ፤ «ሰውማ አለበት፤
ለዚህ እኮ ነው ሰው የሚቀመጥበት።»

ከንፈሬን ነክሼ፣ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።
«አባ ይማም፣ ይቀመጡ» — ሃምሳ ዓመት የዘገየ አንቱታ ነው፤
«ተቀምጫለሁ እኮ» አሉኝ፤ «የቆምከው አንተ ነህ፤
ቋጠሮህም ላልቷል፣ ወዲህ በለው።»

ቋጠሩልኝ።
ያን ቀንም ምንም አልያዝኩ። ጥሩዬ አራት ይዛ፣
«ይጠብቁ» ትለኛለች፣ በዚያችው ድምጿ፣ በስልኳ ለዛ።
ከማዶ ድንጋዬ ላይ አንድ ጥቁር ወፍ
ክንፉን ዘርግቶ ያደርቃል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ።

ቦርሳዬ?
ከይግረም ጎማ ሥር ነው፤ ጭቃ ውስጥ ተወሽቋል፤
ሽብልቅ ሆኖ፣ ዛሬ፣ ሰው ይዞ ይውላል።