ሁለተኛው ሳህን

ብሩክስ፣ አልበርታ። ጥር ሲጋመስ።
ቢጫው አውቶቡሴ እስኪሞቅ ድረስ
በካርድ ጫፍ በረዶ ከመስታወት ስፍቅ
ብቅ አልሽ፣ ሊዋይ፣ ያለ ሰላምታ፣ ያለ ሳቅ፣
አንድ መጽሐፍ ጣልሽ ከምሳ ዕቃዬ ጋር፤
«ሚስ ትርንጎ፣ አንብቢው፤ ከዚያ እንነጋገር።»

ሽፋኑ ላይ አንድ ልጅ፣ ጀርባውን የሰጠ፣
የገጾቹ ጠርዝ፣ በምን እንደሆን፣ ርሶ ያበጠ።
«ለወጣቶች» ይላል ከኋላው፣ በደማቅ።
እኔ ሃምሳ ሁለት ሞልቶኛል፤ ማን ያያል፣ ማን ሊያውቅ።

ልጆቹን ሁለት ትምህርት ቤት አራግፌ
ከሆኪው አዳራሽ ጀርባ ቆሜ፣ መሪውን ተደግፌ
በእንግሊዝኛው ጠጠር ላይ ጣቴን እያስኬድኩ
አንዱን ገጽ ሁለቴ፣ አንዱን ሦስቴ ሄድኩ።

ታሪኩን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለራሴ ልድገመው፦
ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ፣ ታላቅ ወንድሙን ሐይቅ የቀማው።
ጠዋት ጠዋት ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፣
ኮርንፍሌክሱን በሁለቱም እኩል እኩል ይሞላል።
የራሱን በልቶ ሲጨርስ
ያንንም ይበላል፣ ሆዱ እስኪነፋ ድረስ።
ከዚያ፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ፣ ሳያለቅስ፣
አንድ ሳህን ያወጣል።
አንድ ብቻ። ምዕራፉ እዚያው ይቆማል።

በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ሁሉ ወርዶ አንቺ ስትቀሪ
ከኋላዬ ወንበር መጥተሽ፦ «በይ ተናገሪ።
አለቀስሽ? የቱ ጋ?» ዓይንሽ በመስታወቱ ውስጥ።
መንገዱ ግግር ነው፤ ዝም አልኩ፣ እንዳያዳልጥ።
አንቺ ግን ቀጠልሽ፣ ድምፅሽ እየሻከረ፦
«ያን ገጽ ጠላሁት። ወንድሙን ካደ። ቀበረ።
ሁለተኛ ጊዜ። በገዛ እጁ።
ደራሲዋን ባገኛት፣ ቅደጂው ነበር የምላት።»

«ጠግቦ ቢሆንስ?» አልኩሽ። «ለሁለት ሰው መብላት
ስንት ቀን ይቻላል?»
ጉንጭሽን ነፋሽው። «ትልልቅ ሰዎች ሁሌ እንዲህ ናችሁ፤
ሐዘን እንደ ኩፍኝ ነው፣ ወጥቶ ይለቃል ትላላችሁ።»

ይህን መመለስ አቃተኝ። ማርሽ ቀየርኩ።
ከዚያ ግን ነገርኩሽ፦ ለልጁ አይደለም ያለቀስኩ።
ገጽ ዘጠና ላይ አንዲት መስመር አለች፣
ደራሲዋ እንደ ዋዛ ጣል አድርጋት ያለፈች፦
እናትየዋ ከሌሊት ፈረቃ ገብታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣
ሁለቱን ሳህኖች አይታ፣ ልጇን ሳትጠይቅ፣
ታጥባቸዋለች። ሁለቱንም።
እጁ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ትመልሳቸዋለች፣
ነገ ጠዋት ሲፈልግ እንዳያጣቸው።

እዚያ ጋ መጽሐፉን ዘጋሁት።
የማሞቂያውን ድምፅ ብቻ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ሰማሁት።

ዝም አልሽ። የከብት ማድለቢያው አጥር፣ የሥጋ ፋብሪካው ጭስ
በመስኮቱ ሲያልፉ አየሽ፤ ኋላ ቀስ ብለሽ፣ ቀስ፣
«እናትየዋን አላየኋትም» አልሽ፤ «ሦስቴ አንብቤው! ሦስቴ!»
«እኔም ልጁን ያየሁት አሁን ነው፣ አንቺ ስትቆጪ፣ እህቴ።»

ተጎታች ቤታችሁ ደጅ ደረስን። በሩን ከፈትኩ። ብርዱ ገባ።
አልወረድሽም።
የእናትሽ መኪና በረዶ ለብሷል፤
መጋረጃው በቀን ተዘግቷል።
ቁልፉን ሳታንኳኪ እንደምታዞሪ፣ በካልሲ እንደምትራመጂ
አውቃለሁ። እንደማውቅ ታውቂያለሽ።
ስለሱ አላወራንም።
ያወራነው ስለ መጽሐፍ ነው።

በማግሥቱ ሌላ አመጣሽ፣ ከፊተኛው የወፈረ፣
ሽፋኑ ላይ ቢጫ ወረቀት፣ ባንቺ እጅ የተጫረ፦
«ገጽ ሦስት መቶን አንብበሽ ወዲያው እንዳትነጂ።»

ስለ ሳህኑ ግን እስካሁን አልተስማማንም።
ዛሬም እልሻለሁ፣
ያ ልጅ አልካደም።