ክብ ክብ ፊደል

ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ግርጌ፣ ጃንጥላዬን ተክዬ፣
ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ጻፍኩ፣ «ጉዳዩ» ብዬ፣ «ጉዳዩ» ብዬ።
የሰው ቤት ሲፈርስ፣ የሰው ካርታ ሲጠፋ፣ የውርስ ክርክር ሲከር፣
ከሥሩ አሰመርኩ እንጂ አላለቀስኩም፤ ማልቀስ ዋጋው ውስጥ አልነበር።

መተየብ ያስተማረችኝ፣ ለዚህ ወንበር ያበቃችኝ፣
ሚስ ቫርኪ ናት፤ ጠመኔ ባቦነነው ሳሪ የቀረጸችኝ።
የሕንድ አስተማሪ ብዙ ነበር ያኔ፤ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፤
ለሁሉም ቅጽል አወጣን፤ ለሷ «ሚስ ማታ የማትተኛ»።

ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ በአንድ አርመን ቤት ሰገነት፣
ሲረግጡት የሚጮህ የእንጨት ደረጃ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፤
እዚያ ትጽፋለች። ጎረቤቱ «ደብዳቤ ነው» ይላል፣
«ለእጮኛዋ ነው፤ ይህን ያህል ወረቀት የበላ ፍቅር ምን ይባላል?»

ፍቅር አልነበረም።
ወይም ነበረ፤ ለአንድ ለተጣላችው ሰው፣
ፊቱን በየግንቡ ለጥፎ፣ የልጁን ፊት ለረሳው።

አባቷ ሚኒስትር ነበሩ፤ አያቷ እስር ቤት የሞቱ፤
አጎቷ ምክር ቤት፤ ወንድሟ ዕጩ፣ ገና በሃያ ዓመቱ።
ምሳ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ እራት ላይ ይቆጠራል፤
ጨው አቀብይኝ ለማለት እንኳ ጉሮሮ ይጠረጋል።

«በአሥራ አራት ዓመቴ» አለችኝ አንዴ፣ ጣቷ በቀለም ጠቁሮ፣
የታይፑን ሪባን ስንለውጥ፣ ውጭ ሐምሌው አምርሮ፣
«ንግግሩን የምጽፍለት እኔ ነበርኩ፤ የሚያለቅስበትን መስመር
በእርሳስ እከብበው ነበር፤ እሱም እዚያው ያለቅስ ነበር።»

ዝም አለች። ሪባኑን ጠቀለለች።
«ስማችን ግድግዳ ላይ ወደሌለበት ከተማ ልሂድ ብዬ መጣሁ» አለች።

በሚያዝያ አንድ ጠዋት፣ ክፍል ውስጥ፣ ተውላጠ ስም ስንል፣
ዘበኛው ቴሌግራም ይዞ ገባ።
አነበበችው፤ አጠፈችው፤ «ቀጥል» አለችኝ፣ «እኔ፣ አንተ፣ እሱ በል።»

አባቷ ሞተዋል። ወንበሩ ባዶ ነው። ፓርቲው ይላል፦ «ነይ፣
የቀብሩ አፈር ሳይደርቅ ምርጫው ደረሰ፤ አፍንጫሽ የእሱ አይደለም ወይ?»

በቸርችል ቁልቁለት፣ እስከ ፖስታ ቤት፣ አብሬያት ወረድኩ፤
ሳንቲም እየቆጠረች ትራመዳለች፤ ሐዘን ይሁን ንዴት አልለየሁ፣ አልጠየቅኩ።
ቴሌግራም በቃል ይከፈላል። ሦስት ቃል ጻፈች፤
ጸሐፊው ሲቆጥር፣ አንዱን ሰረዘች፣ ሁለት አስቀረች።
ምን እንደሆኑ አልነገረችኝም።
ዛሬም ባለጉዳይ ነገር ሲያበዛ፣ ሲዘበዝብ፣
«ሁለት ቃል ይበቃሃል» እላለሁ። ሂሳቤ ግን በገጽ ነው፤ ልተይብ።

ውሏ አለቀና ሄደች፤ ወደ አገሯ አይደለም፤ ወደ ሉሳካ፣
ሌላ ሰገነት፣ ሌላ ጠመኔ፣ ሌላ ደረጃ በእግሯ ልትለካ።
በሁለተኛው ዓመት መጽሐፍ ላከችልኝ፣ በቡናማ ወረቀት ታስሮ፤
ስድስተኛዋ ነው፤ የአባቷ ፓርቲ አደባባይ አቃጥሎታል አሉ፣ ተማሮ።

ገለጥኩት። ፊደሉ ሁሉ ክብ፤ ክብ በክብ ላይ፣ እንደ ዶቃ፣
እንደ ሕፃን የሳሙና አረፋ፣ ገና ሳትፈነዳ እንደተያዘች ጨረቃ።
የኛ ፊደል እግር አለው፤ ይቆማል፣ ያነክሳል፣ ይንበረከካል፤
የሷ ግን አንዴ ከተለቀቀ ቁልቁለቱን ይንከባለላል።

መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ፣ ከጥጉ፣ በእርሳስ፣ በአማርኛ፣
«ይህ አተ ነህ» ይላል። «ን»ን ዘላለች።
እኔ ነኝ ማለት ነው፣ በክቦቹ መሐል የተኛ።

ፒያሳ ጨርቅ ሻጩን ሕንዳዊ ለመንኩት፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
«ይሄ የደቡብ ነው፤ እኔ ጉጅራት ነኝ፤ ላንተም ለኔም አንድ ነው» አለ።
ለኤምባሲው ማመልከቻ ተየብኩ፣ በገዛ ወረቀቴ፣ ያለ ክፍያ፦
«ጉዳዩ፦ ራሴን ለማንበብ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ።»
ከሥሩ አሰመርኩ። አልላክሁትም።

ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር አለ፣ በእርሳስ የተከበበ፤
ስንቱ አይቶት አለፈ፤ እስከ ዛሬ ማንም አላነበበ።
ከሰዓት፣ ደንበኛ ሲጠፋ፣
አወጣውና ጣቴን አኖርበታለሁ።
እዚህ ጋ ይለቀሳል ማለቷ ይሆን?
ወይስ ስህተት ነው?
ሚስ ቫርኪ ስህተትም ትከብብ ነበር።