እባክዎ አያጥፉ

ኮዬ ፈጬ፣ ከደረጃው ሥር፣ ከጽሕፈት ሱቄ ውስጥ፣
ኮምፒውተሬ «እየዘመንኩ ነው፤ እባክዎ አያጥፉ» ብሎ ሲቀመጥ፣
ሠላሳ በመቶ።
አቶ ገመዳ የኪራይ ውል ሊያሳትሙ ቆመው፣
ኮፍያቸውን በሁለት እጅ ጨምቀው፣
«ምን ነካው?» አሉኝ። «እየዘመነ ነው።»
«መዘመን እንግዲህ፣ ቆሞ መቅረት ነው?»
ሠላሳ በመቶ።

መብራት ሄደ።
አያጥፉ ያለው እኔን ነው፤ ለመብራት ኃይል ማን ነገረ?
ሲመለስ ማተሚያዬን «አላውቃትም» ብሎ ካደ፣
ፊደሌን ሁሉ ባዶ ሳጥን አድርጎ ደረደረ፤
ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣
ሰው ያልገባበት የኮንዶሚኒየም መስኮት።

ማታ ኢፍቱ፣ ያራተኛ ፎቋ ልጅ፣ ፍላሽ ይዛ መጣች፤
«ሊኑክስ ይባላል፣ ነፃ ነው» አለች።
ፈራሁ።
በዕጣ የደረሰኝ ቤት፣ እልል ያልኩለት፣
እስከ ዛሬ ድረስ ውሃ ያልወጣለት!
ግን ጥፋት ካልቀረ፣ በገዛ እጄ ይሁን፤
አጠፋሁት የድሮውን።

በማግስቱ ማተሚያዋ ሁለቴ ሳለች፣
የአቶ ገመዳን ውል ከነ«ቋ»ው ከነ«ኋ»ው አወጣች።

አዲሱም ሳይውል ሳያድር፣
«ዝመና መጥቷል፤ ላውርደው?» አለኝ።
«ቆይ» አልኩት።
ቆየ።