የደበዘዘ መስታወት

በኖቪ ቦር፣ አርባ ዓመት ከእቶን ዳር ብርጭቆ ነፍቶ፣
ኦታካር ዛሬ ቆመ፣ በሦስተኛው ደረጃ ትንፋሹን አጥቶ።

ሐኪሟ ሊቡሼ የደሙን ውጤት አየች ደጋግማ፤
«ቫይረሱ ከወጣ ሰባት ወሩ፣
ዘብህ ግን አሁንም ይተኩሳል በጨለማ፣
የገዛ ቤቱን ግድግዳ ጠላት መስሎት።»
ምስሉን ብርሃን ላይ ሰቀለች። ከሳንባው ግርጌ ነጭ ጭጋግ።
«ይህን እኛ የምንለው፣ የደበዘዘ መስታወት።»

ሳቀ።
ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም አልቆም አለ።
«አርባ ዓመት እፍ ብዬ ያወጣሁት
ዞሮ ገባ በይኛ!»

ማታ ቧንቧውን አነሳ፤ እቶኑ እንደ ድሮው ጋለ፣
ሎሚ የማያህል አረፋ ከጫፉ ተንጠለጠለ።
ቀስ አድርጎ አበረደው፤ ቸኩሎ የበረደ ይሰነጠቃል።
ማለዳ ከደም ብልቃጦቹ ጎን አኖረላት፣
«ይህንንም ለኪው» ሲል።