የጨርቅ ግድግዳ

ቦቬትስ ስንደርስ ቀኑ ተጋምሷል፣
ተራራው ደመና እስከ ወገብ ለብሷል።
ሴትዮዋ በመስኮት መታወቂያ አይታ፣
«ሠላሳ አንድ» አለችን፣ ካርታው ላይ በእርሳስ መትታ።
ሁለት ሰው፣ አንድ ድንኳን፣ መኪና፣ ሦስት ሌሊት፤
ኪራይ ከፈልንላት ጣራ ለሌለው ቤት።
አጎቴ ቢሰማ በሳቅ ይፈርስ ነበር፦
ገንዘብ ከፍሎ ሜዳ? ምን የሚሉት ማደር?

በቀኛችን ቆሟል ሙሉ ቤት በጎማ፣
ምድጃው፣ አልጋው፣ ሬዲዮው ሲሰማ።
ደጁ ላይ አሮጊት፣ ነጭ ፀጉር፣ መነጽር፣
የጋዜጣ እንቆቅልሽ ፊደል የምትሰድር።
እጅ ነሳናት በጀርመን ቋንቋ፤
አንገቷን ነቀነቀች፣ በቃ።

ድንኳኑን ዘረጋን። ሸራው አለ። ገመዱ አለ።
ካስማው የለም።
በፍርዱ ኪሱን ዳበሰ፣ ካስማ ኪስ የሚገባ ይመስል፤
ሻንጣውን አራገፈ፦ ፎጣ፣ ካልሲ፣ የባትሪ ድንጋይ፤
ዐይኖቹን ከእኔ አሽሽቶ ሰቀላቸው ወደ ሰማይ።

በድንጋይ፣ በሹካ ቆመ፣ ቆመ ከተባለ፤
ሌሊት ስድስት ሰዓት ነፋስ ከሮምቦን ወርዶ ታገለ።
ጣራው ረግቦ ላሰኝ እንደ ጥጃ ምላስ፣
ውሃውም በግርጌ ገባ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ፍራሻችንን ሊያርስ።

ያኔ ነው የፈነዳሁት።
በአማርኛ ነዋ! ማን ይሰማኛል ብዬ፣
ከግራትስ እስከዚህ ያመቅኩትን ሁሉ ከሆዴ ፈንቅዬ፦
«ለወንድምህ ጣሪያ ሰማንያ ቆርቆሮ ሳትነግረኝ ላክህ፤
እኔን ሸራ ስር አመጣህ፣ ካስማ እንኳ ሳትይዝ፣ እጅህን አወዛውዘህ!»
«ቀስ በይ» ይለኛል።
«ለምን ቀስ እላለሁ? ማን አለና እዚህ?
አማርኛ አይሰሙ ጥዱና ወንዝህ!»

መለሰልኝ። መልሱ መልስ አልነበረም፦
«ጣሪያው እኮ ወድቆ፣ ልጆቹ በክረምት...» አልጨረሰም።
ዝም አለ። ከውሃው ይልቅ ዝምታው በረደኝ፤
ጀርባ ለጀርባ ሆነን፣ ሶቻ ሲያጉረመርም፣ ነጋ መሰለኝ።

ጠዋት ዚፑን ስከፍት ሣሩ ላይ ቆማለች፣
በዝናብ ካፖርቷ፣ ስምንት ካስማ ከነመዶሻው ይዛለች።
«ደኅና አደርሽ» አለችኝ።
ልክ እንዲህ፣ ቃል በቃል፣ ዝገቱ ሳይለቃት፣
እንደ ከረመ ማጠፊያ ሲጢጥ እያለባት።

ለካስ ግድግዳ ብቻ አይደለም፣ ጨርቅም ጆሮ አለው።

ኢርምጋርድ ትባላለች። ወልዲያ ነርስ ነበረች፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ፣ በወጣትነቷ፤
ሌላው ቋንቋ ተኖ፣ የሐኪም ቤቱ ብቻ ቀርቷል ከአንደበቷ።
ምድር ዋጪኝ አልኩ፤ ረግርጋለች እኮ፣ ብትፈልግ ትችል ነበር፤
አሮጊቷ ክንዴን ያዘች፣ የልብ ምት እንደሚቆጥር፦
«የት ጋ ነው የሚያምሽ?»

በፍርዱ ከኋላዬ ሳቁን ሊውጥ ታገለ፣ አልሆነለትም።
እኔ ግን አልሳቅሁም።
ሰው ይህን በቋንቋዬ ከጠየቀኝ
ስንት ዓመት እንደሆነው እየቆጠርኩ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ?»
ከቆርቆሮው ልላት ነበር።
«ከትናንት» አልኳት።
ካስማዎቹን መዳፌ ላይ ቆጠረችልኝ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ኪኒን።
«በቀን ሦስት ጊዜ» አለች፣ «ከምግብ በኋላ።»

እሱ ካስማውን ያዘ፣ እኔ መዶሻውን።
«ስንት ፈጀ ቆርቆሮው?»
ነገረኝ። መታሁ።
«ልጆቹ ስንት ናቸው?»
«አራት። ትንሿ ሳል አለባት።»
መታሁ።
«ለምን አልነገርከኝም?»
እዚህ ላይ ቆየ። ካስማውን ግን አልለቀቀም።
«እሺ እንደምትዪ አውቅ ነበር» አለ፤ «እሺ ስትዪ ማየት ነው የከበደኝ።»
መታሁ። ጣቱን አላገኘሁትም፤
ብፈልግ እችል ነበር።

ስምንተኛው ላይ ዝናቡ ተመለሰ። ገባን።
ሸራው ከበላያችን እንደ ከበሮ ተወጥሮ ደረቅ ድምፅ አወጣ።
በቀኛችን በኩል ኢርምጋርድ መስኮቷን ዘጋች፣
ሬዲዮዋንም ከፍ አደረገች፣
ደግመን ብንጣላ እንዳትሰማ።