ሁለት ራይት

በጠረጴዛዬ ሥር ቁልፍ ያለው መሳቢያ
ለተማሪ ስልክ ነበር የእስር ማቆያ።
አሥራ አንዱን ባንድ ቀን የሰበሰብኩ ለታ
ሌባ እንደያዘ ዘብ ተሰማኝ ደስታ።

ሃያ ስድስት ዓመት የጠመኔ ብናኝ
ካፍንጫዬ ገብቶ፣ ሳል ሆኖ ሲያናግረኝ፣
ፊዚክስ ማለት ለኔ ሰሌዳና እጅ ነው፤
ስልክ የሚሉት ግን ልጅ የሚያሰንፈው።

ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣
ሰባ ሁለት ልጅ ባንድ ክፍል የሚገባ፣
ነፋስ የእርሻ አፈር አምጥቶ የሚያለብሰን፣
ገልባጭ መኪና ሲያልፍ መስኮት የሚንጥብን፣
እዚያ፣ የኋላ ወንበር፣ አብነት አጎንብሶ
ስልኩን ደገነብኝ ሹራቡን አልብሶ።

«አምጣ!» አልኩ። አመጣ። አልተከራከረም።
«እንዳያጠፉት፣ ቲቸር» አለ። አልጨመረም።

ዘፈን አልነበረም፣ ኳስም አልነበር፤
የኔው ሰሌዳ ነው፣ የኔው የእጅ ጽሑፍ፣ ስሕተቴም ሳይቀር፤
የሰኞ፣ የማክሰኞ፣ የኅዳር፣ የጥቅምት፣
አንድ በአንድ ተነሥቶ፣ ተልኮ ላንዲት
ለሊሴ ለምትባል፣ ከመዝገቤ ገጽ
በቀይ ለሰረዝኳት።

ሌሊት ሸሚዝ ትሰፋለች፣ ፋብሪካ፣ በፈረቃ፤
ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ታነበኛለች፣ ግማሽ ዓይኗ ነቅቶ፣ ግማሹ ሳይነቃ።
ባንዱ ሥዕል ሥር እንዲህ ብላለች፦
«ጥግ ላይ ያለችውን ቁጥር ትከሻቸው ጋረዳት።
ቲቸር ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ በልልኝ።»

ፈቀቅ አልኩ።
(ቀይ ቀለም በላጲስ አይለቅም፤
ስሟ ግን ከሥሩ ይነበባል።)

የመጀመሪያውን ድምፅ ስቀዳ በማታ፣
ስልኩን ስኳር ጣሳ ላይ ደገፍኩት በዕርጋታ፤
«እንደምን አመሻችሁ» ብዬ ሰባት ጊዜ አጠፋሁ፤
ገዛ ሳሎኔ ውስጥ እንደ ጀማሪ ፈራሁ።
የጎረቤት ጄነሬተር፣ ሳሌ፣ የውሻ ጩኸት
ከኒውተን ሦስተኛ ሕግ ጋር ተቀዱ ባንድነት።
ልጄ ቴሌግራም ከፍታ «ስሙን ምን ልበለው?» ስትለኝ
«አሥራ አንደኛ ለ» አልኳት፤ ሌላ አልመጣልኝ።

ሁሉም አማረ አልልም።
አንዱ ሳሌን ቆርጦ፣ ከዘፈን ቀላቅሎ፣
ቲክቶክ ላይ ለቀቀኝ፤ ሰፈር ሙሉ ሳለ እኔኑ አስመስሎ።
ርዕሰ መምህሩ ጠሩኝ፦ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»
ስልክ የሌላቸው ዘጠኝ ልጆች አሉኝ፤
ለነሱ ያው እኔ ነኝ፣ ያው ጠመኔ ነው።
መብራት ይሄዳል። ኔትወርክ ይጠፋል። አንዳንድ ሌሊት
የላክሁት ሁሉ ያድራል ታቅፎ የሰዓት ምልክት።

መሳቢያው?
የኔ ቻርጀር ነው ያለበት።

ትናንት ለለሊሴ፣ ለብቻዋ፣ ጥያቄ ላክሁ፦
«የስፌት መርፌ ጨርቁን ሲወጋ ሲወጋ
የሚግለው ለምንድን ነው?»
አንድ ራይት ወጣ። ጠበቅሁ።
ዕድሜዬን በቀይ እስክሪብቶ ራይት ሳድል የኖርኩት ሰው፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣
ደብተሩን እንዳስረከበ ልጅ
ራይት እጠብቃለሁ።

ሁለተኛው መጣ።
«እየጻፈች ነው» አለ ስልኩ። ተወ።
ደግሞ «እየጻፈች ነው»።

«ሰበቃ ነው፣ ቲቸር።
ቆይ፣ ሱፐርቫይዘር መጣ።»